ቆጣሪውን አልጥልም፦ «እርምጃ መቁጠር ይብቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ብሎ ጽፎበታል። ልክ ነው፣ ይመለከተኛል። ሰው ጋ ቁጭ ብዬ ስጫወት እንኳ ሰዓቴን ገልጬ እርምጃዬን የማይ ሰው ነኝ።

የጽሑፉ ርዕስ «እርምጃ መቁጠር ይብቃ» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለው የማስታወቂያ ፈጠራ ነው። መሣሪያዎቹ በትክክል አይቆጥሩም። ላብ የማያወጣ ወክ ለጤና አይረባም። ቆጣሪ ያደረጉ ሰዎች ክብደት አልቀነሱም። መቁጠር የመንሸራሸርን ደስታ ይገድላል። ስለዚህ ቆጣሪውን ጥላችሁ ሰውነታችሁን አዳምጡ።

ጽሑፉ ቆንጆ ተጽፏል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከስድስቱ ነጥቦች ሁለቱ እውነት ናቸው፣ አንዱ ግማሽ እውነት ነው። ሁሉም ስህተት ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ጓደኛዬ ግን ያነበበው ዕለት «በቃ፣ ነገርየው ውሸት ነው እኮ» ብሎ የጀመረውን የማታ ወክ እርግፍ አድርጎ ተወ። ልጽፍ የተነሳሁት በዚህ ነው። እንደ አመጣጣቸው ልያቸው።

«10,000 የማስታወቂያ ቁጥር ነው»

አዎ፣ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉት ታሪክ ሰፋ ብሎ ቢነገር ያዝናናል። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ1964 ተካሄደ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በቀጣዩ ዓመት ያማሳ የተባለ የጃፓን ሰዓት ሠሪ ድርጅት ወገብ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ገበያ ላይ አዋለ። ስሙን «ማንፖ-ኬይ» አለው። «ማን» አሥር ሺህ፣ «ፖ» እርምጃ፣ «ኬይ» መለኪያ ማለት ነው። ጃፓኖች አሥር ሺህን የሚጽፉበት ፊደል ደግሞ እግሩን አንስቶ የሚራመድ ሰው ይመስላል። ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ቁጥሩ ድፍን ነው፣ ለአፍ ይቀላል፣ ሥዕሉም አብሮት አለ። ያኔ «10,000 የተራመደ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» የሚል የዓመታት ክትትል በማንም እጅ አልነበረም።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምንለያየው ቀጥሎ ባለው አረፍተ ነገር ነው። ቁጥሩ ፈጠራ ከሆነ መቁጠሩም ከንቱ ነው ይላሉ። ይሄ እኮ አንድ ነጋዴ ሜትሩን ስላዛባ ርዝመት የሚባል ነገር የለም እንደማለት ነው። ጽሑፉ 1965 ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለክተዋል።

በ2019 የሃርቫርዷ ተመራማሪ አይ-ሚን ሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። የተጠኑት 16,741 ሴቶች ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ነው። ሴቶቹ ለሰባት ቀን ወገባቸው ላይ መለኪያ አደረጉ። ከዚያ በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ 4,400 ነው ያልኩት። ከአሥር ሺው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ረጋ። የሚገርመው የያማሳ መሣሪያ ታሪክ እዚያው ጥናት ላይ በግልጽ ተጽፏል። ጸሐፊው እንደ ትልቅ ምስጢር ያወጡትን ነገር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቀድመው ተናግረውታል።

በ2022 ደግሞ የ15 ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተደርጎ ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ ወጣ። 47,000 ያህል ሰው ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ጥቅሙ የሚረጋው ከ6,000 እስከ 8,000 ላይ ነው። ከ60 በታች ላሉት ከ8,000 እስከ 10,000 ላይ። በ2025 እዚያው መጽሔት ላይ 57 ጥናቶችን ያየ ሌላ ሥራ ታተመ። በቀን 7,000 የሚራመድ ሰው 2,000 ከሚራመደው ጋር ሲነጻጸር የመሞት ዕድሉ በ47 በመቶ፣ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ38 በመቶ ዝቅ ብሎ ታየ።

እነዚህን ቁጥሮች መስመር አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ብትስሏቸው ዳገት ይመስላሉ። መጀመሪያው ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ሜዳ ነው። ከ2,000 ወደ 4,000 የወጣ ሰው የሚያገኘው ከ8,000 ወደ 10,000 የወጣው ከሚያገኘው በብዙ ይበልጣል። የማስታወቂያው ቁጥር ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው 10,000ን ያይና «ይሄንን ማን ይችለዋል» ብሎ 3,000 ላይ ይቀመጣል። የሚያሳዝነው የጸሐፊውም መልስ ያንኑ ሰው እዚያው 3,000 ላይ ነው የሚተወው።

አሁን ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱትን ጥያቄ እኔ ላንሳላቸው። ከበድ ያለው እሱ ነውና። የታመመ ሰው መጀመሪያውኑ አይራመድም። ስለዚህ ጥቂት የሚራመዱት ቶሎ የሞቱት ባለመራመዳቸው ነው ወይስ የማያራምዳቸው በሽታ ስለያዛቸው? ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ያውቁታል። ማጨስን፣ አመጋገብን፣ ቀድሞ የነበረ በሽታን በስሌት ያጣራሉ፤ ጥናቱ በተጀመረ ሰሞን የሞቱትን አውጥተው እንደገና ያሰላሉ። ይሄም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም። 41 በመቶ የሚለውን ቁጥር እኔም እንደ ጥናት ውጤት እንጂ ለእያንዳንዳችን እንደተሰጠ ተስፋ አላየውም።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ቆጣሪ መስጠት ነው። ይሄም ተደርጓል። እንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 75 የሆኑ ሰዎች በሁለት ሙከራ ገብተው አንዳንዶቹ ቆጣሪና የ12 ሳምንት ዕቅድ ተሰጣቸው። ሌሎቹ እንደወትሯቸው ኖሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የሕክምና መዝገባቸው ሲታይ ቆጣሪ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ችግርም የአጥንት ስብራትም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የታመሙት ሰዎች ቁጥር በጠቅላላው ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ከመጠን በላይ አልጮህበትም። ግን ከንቱ ከተባለ ዕቃ የሚጠበቅ ውጤት አይደለም።

«መሣሪያዎቹ አይታመኑም»

ግማሽ እውነት ያልኩት ይሄ ነው። ነገሩን ለማየት ቆጣሪው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በድሮው መሣሪያ ውስጥ በስፕሪንግ የተንጠለጠለች ትንሽ ዘንግ ነበረች። ሰው ሲራመድ ወገቡ ከፍ ዝቅ ይላል። ዘንጓ አብራ ትወዛወዛለች፤ በተወዛወዘች ቁጥር ቆጣሪውን በአንድ ታሳልፈዋለች። ዛሬ ስልክና ሰዓት ውስጥ ያለው አክስሌሮሜትር ይባላል። የእንቅስቃሴን ለውጥ በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለካል። ስንራመድ ንዝረታችን ተመሳሳይ ሞገድ ይሠራል። ሶፍትዌሩ የሞገዱን ጫፎች እየለቀመ ይቆጥራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጥቂት ተከታታይ እርምጃ እስኪያዩ ድረስ መቁጠር አይጀምሩም። ከወንበር ተነስታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ብትመለሱ ያቺ አትመዘገብም። ሁለተኛ፣ ንዝረት ከሌለ እርምጃ የለም። መሣሪያው እግራችሁን አያይም።

ራሴ ሞከርኩት። የምሠራበት ሕንፃ ረጅም ኮሪደር አለው። ሰው በሌለበት ሰዓት ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ መቶ መቶ እርምጃ ሄድኩ። ስልኩ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ሲሆን 99 አለ። በእጄ ይዤ ስክሪኑን እያየሁ ስሄድ 96። ከዚያ ዕቃ የሚጫንበትን ጋሪ በሁለት እጄ እየገፋሁ ሄድኩ። እጄ ላይ ያለው ሰዓት 41 አለ። እጅ ካልተወዛወዘ ሰዓቱ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችና አባቶች ይሄንን ቢያውቁት ጥሩ ነው። ድካማቸው ግማሹ ሳይመዘገብ ነው የሚቀረው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተት።

ከዚህ የባሰውን ያየሁት አባቴ ላይ ነው። 76 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ በከዘራ፣ እግራቸውን ብዙም ሳያነሱ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። «አባዬ፣ እስቲ ይሄን ኪስዎ ይክተቱት» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጎን ለጎን እየሄድን እኔ በልቤ መቶ ቆጠርኩ። ስልኩ 38 አለ። «ስንት አለ?» ሲሉኝ ትንሽ አፈርኩ። ስነግራቸው ከዘራቸውን ቀና አድርገው «የቀረውን ማን ሄደልኝ ታዲያ?» አሉ።

ስለዚህ በዝግታ ለሚራመድ ሰው፣ በተለይ በከዘራ ወይም በድጋፍ ለሚሄድ፣ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። የቆጣሪው ቁጥር ሊያሳዝነው አይገባም። ለአባቴ ያደረግነው እርምጃውን ትተን ደቂቃ መያዝ ነው። ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር።

ለቀረነው ግን ክርክሩ አያስኬድም። እቤት ያለ ሚዛን አንድ ኪሎ አብልጦ የሚያሳይ ቢሆን እንኳ በዚህ ወር ጨመርኩ ወይስ ቀነስኩ የሚለውን ይነግራል። ስህተቱ ሁሌም በአንድ በኩል ነዋ። ቆጣሪም እንደዚያ ነው። ዛሬ 5,200 ቢል እውነቱ 5,400 ሊሆን ይችላል። ትናንት ግን በዚያው መሣሪያ 3,100 ነበር። የምፈልገው ይሄንን ልዩነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ የናንተን ቁጥር ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ቦታ ላይ ካደረገ ጎረቤት ጋር አታወዳድሩ። የቢሮ የእርምጃ ውድድር የሚባለውም ለጨዋታ ካልሆነ በቀር በዚህ ምክንያት አይጥመኝም። እጁን እያወዛወዘ ቁጭ ብሎ ያሸነፈ ሰው አውቃለሁ።

«ላብ ካላወጣ ስፖርት አይደለም»

ይሄኛው ያረጀ ሐሳብ ነው። በ1953 እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ጥናት አወጡ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ያንኑ አውቶቡስ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር የደረጃ መውጫ ይረግጣል። ማንም ትራክ ሱት አልለበሰም፣ ማንም ጂም አልገባም። የልብ ሕመሙ ግን ትኬት ቆራጮቹ ላይ አነሰ። ዩኒፎርማቸው ተመርምሮ ሹፌሮቹ ወገባቸው ሰፊ እንደነበር ታይቶ ሌላ ክርክር ተነስቷል። እሱም ያስቃል፤ የልብስ ሰፊ መዝገብ የሕክምና ማስረጃ የሆነበት ጊዜ ነው።

ወደኛ ዘመን ስንመጣ ከላይ ያነሳሁት የሴቶቹ ጥናት ፍጥነትን ለይቶ አይቶታል። አጠቃላይ የእርምጃው ብዛት ከታሰበ በኋላ ፈጥኖ መሄዱ ለብቻው ግልጽ ልዩነት አላመጣም። በ2020 በ4,840 አሜሪካውያን ላይ የተሠራውም ወደዚያው ነው ያዘነበለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ «እንቅስቃሴ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሄደ አይቆጠርም» የሚለውን የቀድሞ ነገር ትቶታል። የተቆራረጠውም ይቆጠራል።

ፈጠን ማለት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ልብና ሳንባን ለማጠንከር ይጠቅማል። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው ለአብዛኛው አዋቂ በደቂቃ ወደ 100 እርምጃ ነው። ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን ያቅታችኋል። እዚህ ላይ ቆጣሪው ጠላት ሳይሆን አጋዥ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሂዱና 1,000 መጨመሩን እዩ።

ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑት በሌላ በኩል ነበር፣ እዚያ አልሄዱም እንጂ። ቆጣሪ ዋናን አያይም። ብስክሌትን በቅጡ አያይም። ክብደት ማንሳትን ጨርሶ አያይም። ያው መመሪያ ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንድንሠራ ይላል። ሁሉን ነገር በእርምጃ የሚመዝን ሰው ይሄንን ይረሳል። እኔም ረስቼው ነበር።

«ቆጣሪ ያደረጉት ክብደት አልቀነሱም»

በ2016 ጃማ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይመስለኛል የሚሉት። ጥናቱ አለ፣ ውጤቱ ግን እንደተባለው አይደለም። 471 ወጣቶች ሁሉም በአመጋገብና በምክር ክብደት መቀነስ ጀመሩ። ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ መሣሪያ ተጨመረላቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላ መሣሪያ የሌላቸው 5.9 ኪሎ፣ መሣሪያ ያላቸው 3.5 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። መሣሪያው አላገዘም ማለት ይቻላል። አልቀነሱም ማለት ግን አይቻልም።

ለነገሩ ክብደት መቀነስ ለእግር ጉዞ ከባድ ሥራ ነው። ክብደት በዋናነት ምግብ ላይ ነው የሚወሰነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2007 26 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ቆጣሪ ያደረጉ ሰዎች ክብደት ላይ የመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥራቸው ግን በአማካይ በ3.8 ወርዷል። 140 የነበረው 136 ሆነ እንደማለት። ሚዛን ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሰው ይሄ ያመልጠዋል።

«መቁጠር ደስታውን ይገድላል»

እውነት ነው። ሁለተኛው እውነት ይሄ ነው። በ2016 ጆርዳን ኤትኪን የተባለች ተመራማሪ ያወጣችው ሥራ ይሄንኑ አሳይቷል። የሚቆጥሩት ሰዎች ብዙ ተራመዱ። ግን መራመዱ ሥራ ሥራ አላቸው፣ ደስታቸው ቀነሰ።

እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ምሽት፣ 5 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ፒጃማ ለብሼ በአልጋዬና በቁም ሳጥኑ መካከል እየተመላለስኩ ነበር። 312 እርምጃ ጎድሎኛል። ስልኩ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ዘግቶ ከዜሮ ይጀምራል። ሃያ ስድስት ቀን ሳላቋርጥ ነበርና ሃያ ሰባተኛው እንዳይበላሽ ነው። ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ሥር «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጸሐፊው ያኔ አይተውኝ ቢሆን ኖሮ ያንን ምሳሌ አድርገው ይጽፉት ነበር።

በማግስቱ ያንን «ያልተቋረጠ ቀን» የሚያሳየውን ነገር ዘጋሁት። የረዳኝ በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያየ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ 8,000 የደረሱት፣ አንድም ቀን ካልደረሱት ጋር ሲተያዩ፣ አዘውትረው የሚደርሱት ሰዎች ያገኙትን ጥቅም ሊያህል ጥቂት የቀረው ጥቅም አግኝተዋል። ቀን መዝለል ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። አሁን ከሰው ጋር ስወጣ ሰዓቴን አውልቄ እተዋለሁ። እሑድን ጨርሶ አልቆጥርም። ደስታው ተመልሷል፤ ለዚህ ግን ቆጣሪውን መጣል አላስፈለገም።

«ሰውነታችሁን አዳምጡ»

የጽሑፉ መዝጊያ ይሄ ነው፤ ጓደኛዬንም የማረከው እሱ ነው። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ነው የምውለው። መራመዴን ለማወቅ ማሽን አያስፈልገኝም» አለኝ። ሰውነት ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሕመምን፣ ርሃብን፣ እንቅልፍን። እርምጃ ይቆጥራል ወይ ነው ጥያቄው።

ያው የስታንፎርዱ ሥራ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አለው። ቆጣሪ ያደረጉ ሰዎች ከበፊታቸው ወደ 27 በመቶ ጨምረው ተራምደዋል። ለውጡ የታየው ግን ግብ በነበራቸው ላይ ነው። ግቡ 10,000 ይሁን ሌላ ያን ያህል አላስጨነቀም። ግብ ለማውጣት ደግሞ የት እንዳለህ ማወቅ አለብህ። እኔ ለሰው የምመክረው አንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጥ እንዲቆጥር ነው። ከዚያ አማካዩን ወስዶ 1,000 ይጨምርበት፤ አሥር ደቂቃ ናት። ስትለመድ ሌላ 1,000።

ጓደኛዬን «እሺ፣ እንወራረድ» አልኩት። አምስት የሥራ ቀን ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውላል። አፑን አይከፍተውም። ማታ ማታ ሰውነቱን አዳምጦ ግምቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዓርብ ማታ አንድ ላይ ከፈትነው። ሰኞ 8,000 ገምቶ 4,350። ማክሰኞ 7,000 ገምቶ 3,900። ረቡዕ 6,000 ብሎ 5,700፤ የዚያን ቀን መኪናው ጋራዥ ነበረች። ሐሙስ ከስብሰባ ስብሰባ ሲል ውሎ እግሬ አለቀ ብሎ 9,000 ጽፏል። ስልኩ 3,640 ይላል። ዓርብንም ሳየው ያው ነው።

ወረቀቱን አየ፣ ስልኩን አየ። የሐሙሱን ደጋግሞ አየው። ደክሞት ነበር እኮ፤ ውሸቱን አይደለም። ግን ያደከመው መቀመጡ ነው፣ ጭቅጭቁ ነው፣ ትራፊኩ ነው። ድካም ሁሉ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው።

ቆይቶ ቆይቶ «ቆይ፣ ይሄ ነገር በትክክል ይቆጥራል ግን?» አለኝ።

ወደ ኮሪደሩ ወሰድኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተና እየቆጠርን ሄድን፣ እሱ ጮክ ብሎ፣ እኔ በልቤ። መቶ ላይ ቆመን ስልኩን አወጣ። 98።